የአባቴ አውቶቡስና ባለ ሰፊ ራስ ሪቬቶቹ

ባለፈው ዓመት የታመመች ጓደኛዬን ልጠይቅ ወደ ጳውሎስ ሄጄ ነበር። ከሆስፒታሉ ወጥቼ ታክሲ ፍለጋ ቁልቁል ስወርድ፣ መንገድ ዳር ካለ ጋራዥ ውስጥ የማውቀው ሽታ አገኘኝ። ላሜራ በትራፓኖ ሲበሳ ብረቱ ይግላል፤ ጠብ የሚደረግበት ዘይትም አብሮ ይጨሳል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። እኔ ቆምኩ። የሚበሳው ወጣት መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ የምፈልገው ሰው እንዳለ ጠየቀኝ። የለም ልጄ ብዬው መንገዴን ቀጠልኩ። ታክሲ ውስጥ ግን ሽታው ከነጠላዬ አልለቀቀም፤ አራተኛ ክፍል ወደነበርኩበት ዓመት፣ አባቴ አውቶቡስ ወደሠራበት ግቢያችን ይዞኝ ሄደ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ቤታችን ጉለሌ፣ ዳገቱ ሊጀምር ሲል ነበር። ከእኛ በላይ ጥቂት የጭቃ ቤቶች፣ ከእነሱ በላይ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ በላይ ደግሞ እንጦጦ። ከግቢያችን አጥር ወዲያ ወፍጮ ቤት ስለነበር የልጅነት ልብሴ ሁሉ ዱቄት ዱቄት ይሸት ነበር። አባቴ ለትራፓኖው የሚሆን መብራት የሚስበውም ከዚያው ከወፍጮ ቤቱ ነው።

አባቴ ቶላ ይባላል። ተወልዶ ያደገው ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ነው። ጎረምሳ ሆኖ ከተማ ገባና፣ ጣሊያን ሲወጣ እዚሁ የቀረ አንድ ጣሊያናዊ ጋራዥ ውስጥ ተቀጠረ። እዚያ የተማረው ሙያ ባትላሜራ ነው፤ የተጨማደደ የመኪና ላሜራ በመዶሻ እየደበደበ ማቃናት፣ አዲስ አካል ቆርጦ መሥራት። ጣሊያኑ ሲሞት አባቴ መዶሻዎቹን ገዝቶ በራሱ ግቢ ሥራ ጀመረ። ጎበዝ ባትላሜራ ላሜራውን በዓይኑ ብቻ አያየውም፤ ያዳምጠዋል። የተወጠረው ላሜራ ሲመታ ሌላ ድምፅ አለው፣ የላላው ሌላ። ትንሽ ሳለሁ አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ሲመታ አይቼ፣ እየጸለየ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ግን አባቴ አኮረፈኝ። እኔ እንደዚያ ነበር የገባኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢ ገብቼ «አባባ!» ስለው ዝም ይላል። ከኋላው ቆሜ የተማርኩትን ስነግረው ሥራውን ይቀጥላል። በመጀመሪያው የትምህርት መንፈቅ ደረጃዬ ወርዶ ስለነበር ምክንያቱን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ይቅር እንዲለኝ ብዬ የማላደርገው አልነበረም፤ መዶሻዎቹን በልክ በልካቸው እደረድራለሁ፣ የተቆራረጠ ላሜራ ከመሬት እለቅማለሁ፣ ደብተሬን ከፍቼ እፊቱ አጠናለሁ። ሲያየኝ ፈገግ ይላል፤ ዞር ስል ደግሞ እንደገና ኩርፊያ።

አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስንመለስ ከኋላችን የጭነት መኪና ጥሩምባውን ነፋ። እኔ ወደ ቦዩ ዘለልኩ። አባቴ መንገዱ መሃል፣ እንደ ልቡ መራመዱን ቀጠለ። ሹፌሩ ደጋግሞ ቢነፋም ዞር አላለም። ሮጬ ኮቱን ስጎትተው ነው ወደኋላ አይቶ የደነገጠው። ዳር ከወጣን በኋላ እጄን ይዞ ቆየ፤ መዳፉ ያልበው ነበር።

ቤት ገብተን ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ሽሮ ትነፋ ነበር። ወንፊቱን አስቀመጠችና ወደ ራሷ ሳበችኝ።

«አባትሽ አልተቆጣሽም» አለች። «አይሰማም። መዶሻው ነው ጆሮውን የበላው።»

ለማንም ሰው እንዳልናገር አስጠነቀቀችኝ። ላሜራውን የማይሰማ ባትላሜራ ማን ሥራ ይሰጠዋል? በተለይ በዚያ ዓመት፣ አውቶቡሱ በእጁ እያለ። እሷ ራሷ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ስለምታውቅ፣ ልታናግረው ስትፈልግ መጀመሪያ ትከሻውን ትነካ ነበር። እኔ ይህን ስታደርግ ባየሁ ቁጥር እንዲሁ ፍቅራቸው ነው ብዬ አስብ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም ፊት ለፊቱ ቆሜ፣ አፌን ከፍቼ፣ ቀስ ብዬ ማውራት ተማርኩ። የሚያስገርመው ነገር፣ ኩርፊያው ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠፋ።

አውቶቡሱ የአቶ ይልማ ነበር። አቶ ይልማ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ናቸው፤ ቁመታቸው ረጅም፣ ባርኔጣ የማይለያቸው፣ ሲራመዱ የሚቸኩሉ ሰው። ጣሊያን ጥሎት የሄደ አሮጌ የጭነት መኪና ገዝተው፣ ሞተሩን አሳድሰው፣ እንጨት አካሉን አስነቅለው ባዶ ሻንሲውን ግቢያችን አስገቡት። የጉለሌ ሰው እቃውን ተሸክሞ እስከ መርካቶ በእግሩ ከሚሄድ የሚሳፈርበት አውቶቡስ ይኑረው ነበር ሐሳባቸው። አባቴ የሰው መኪና ሲጠግን ኖሯል እንጂ ሙሉ አውቶቡስ በራሱ ስም ሠርቶ አያውቅም። አጽሙን ከአራት ማዕዘን የብረት ቱቦ በየደ። ከዚያ በቱቦው ላይ ከውጭ በኩል ላሜራ ማልበስ ጀመረ።

ላሜራውን ከቱቦው ጋር የሚይዘው ሪቬት ነው። አባቴ ጣሊያኑ ጋር የለመደው ሪቬት ሁለት ሰው የሚፈልግ ነበር፤ አንዱ ከውጭ በመዶሻ ይመታል፣ ሌላው ከውስጥ ብረት ደግፎ ይይዛል። ቱቦ ውስጥ ግን እጅ አይገባም። ለዚህ የሚሆነው ያኔ ገና መምጣት የጀመረው ሪቬት ነው፤ በመሃሉ ምስማር የመሰለ ዘንግ አለው፣ ከውጭ በኩል በፒንሳ ሲሳብ የማይታየው ጫፉ ቱቦው ውስጥ ያብጥና ይነክሳል፤ ዘንጉም ቀጭ ብሎ ይቆረጣል። አቶ ይልማ እንዲህ ያለውን ሪቬት በካርቶን አመጡለት። አልሙኒየም ነበር፤ የሚያብረቀርቅ፣ ቀላል፣ ራሱ ከምስር ፍሬ ብዙ የማይበልጥ። አባቴ በዚያ ሪቬት ሲሠራ የመጀመሪያው ስለነበር፣ የተሰጠውን አመስግኖ ሠራበት።

አውቶቡሱ ከላይ ነጭ፣ ከታች አረንጓዴ ተቀብቶ ሲወጣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ደጃችን ላይ ተሰበሰበ። ቄሱ ጸበል ረጩት። ልጆች ተሳፍረን እስከ አዲሱ ገበያ ደርሰን ተመለስን። እኔ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ፣ በመንገድ ላይ ያገኘሁትን የክፍሌን ልጅ ሁሉ በእጄ ሰላም እያልኩ፣ የንጉሥ ልጅ ይህን ያህል ይደላታል ብዬ አላስብም ነበር።

ደስታው ብዙ አልቆየም። በሁዳዴ ጾም አጋማሽ አንድ ቀን አውቶቡሱ ከመርካቶ ሲመለስ፣ ከበሩ አጠገብ ያለው ላሜራ ከመንገዱ ንቅናቄ ብዛት ከሪቬቶቹ ተቦጭቆ ወጣ። እማማ ድንቄ ሊወርዱ እጃቸውን ወደ በሩ ሲዘረጉ የላሜራው ጠርዝ ክንዳቸውን ቀደደው። እማማ ድንቄ የሰፈራችን የተክለ ሃይማኖት ማኅበር እናት ናቸው፤ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁት፣ ወላድ ሲያርሱ የሚያድሩት እሳቸው። ሐኪም ቤት ተወስደው ክንዳቸው ተሰፋ።

አባቴ በማግስቱ ሊጠይቃቸው ሲሄድ እኔን ይዞኝ ሄደ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ሲያዞር አስታውሳለሁ። እማማ ድንቄ አልጮኹበትም፤ ብርቱካን እንኳን ለእኔ አስላጡልኝ።

«ቶላ፣ አንተን አልተቀየምኩም» አሉት። «እዚያ መኪና ላይ ግን ዳግመኛ አልወጣም።»

ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር። አባቴ ወደ እኔ አየ። ፊት ለፊቱ ዞሬ ብርቱካኑን እንደማኝክ ሆኜ፣ ያሉትን በከንፈሬ ደገምኩለት። ራሱን ዝቅ አደረገ።

የእማማ ድንቄ ቃል ለሰፈሩ በቂ ነበር። ማኅበሩ ለግንቦት ተክለ ሃይማኖት ደብረ ሊባኖስ ሊሳለም በዚያው አውቶቡስ ሊሄድ ተነጋግሮ ነበር፤ ሁሉም ቀረሁ ቀረሁ አለ። ትምህርት ቤት ልጆች እኔን ሲያዩ በአፋቸው የሚንኳኳ ቆርቆሮ ድምፅ ያወጡ ጀመር። ከአውቶቡሱ መስኮት ሰላም ያልኳቸው ልጆች ናቸው።

አውቶቡሱ ተመልሶ ግቢያችን ገባ። አባቴ ለሁለት ለሦስት ቀን ያህል ምንም ሳይነካ ዙሪያውን ብቻ ሲዞር ቆየ። ከዚያ የተቦጨቀውን ላሜራ መሬት ላይ አነጠፈና ጠራኝ። ጣቴን ይዞ ቀዳዳዎቹ ላይ አስኬደው። ሪቬቶቹ አብዛኞቹ አልተበጠሱም፤ ቱቦው ላይ እንደተተከሉ ቀርተዋል። የተቀደደው ላሜራው ነው። ትንሿ የሪቬት ራስ በቀጭኑ ላሜራ ውስጥ ሾልካ አልፋለች። አንዳንዶቹ ደግሞ አልሙኒየሙ ለስልሶ፣ ተስቦ፣ እየተንገጫገጩ ነበር። ያኔ ትዝ ያለኝ የዩኒፎርሜ ቁልፍ ነው፤ ክሩ ደህና ሆኖ ጨርቁ ሲቀደድ እናቴ ከኋላ ቁራጭ ጨርቅ ደርባ ትሰፋልኝ ነበር። ይህንን ለአባቴ ብነግረው ደስ ብሎት ለእናቴ ሄዶ ነገራት።

አቶ ይልማ መጡ። የእሳቸው ሐሳብ በዚያው ሪቬት እጥፍ አድርጎ መምታት ነበር። አባቴ፣ ቀዳዳ ከበዛ ላሜራው ይባስ እንደሚደክም አስረዳቸው። እንዲበየድ ሲሉት፣ ቀጭን ላሜራ በእሳት ተኮማትሮ እንደሚበላሽ ነገራቸው። በቡሎን ይታሰር ሲሉ፣ ከጀርባ የሚያስረውን ዳዶ ቱቦው ውስጥ የሚይዝ እጅ ከየት ይመጣል አላቸው። መንገዱ አንድ ነው፤ ሪቬቱ ራሱ መለወጥ አለበት። ብረት የሆነ፣ ራሱ ሰፊ የሆነ። አቶ ይልማ ቸኩለው ነበር፤ አውቶቡሱ ቆሞ ስለሚከስሩ ለሌላ ጋራዥ እንደሚሰጡት ተናገሩ።

«አቶ ይልማ» አለ አባቴ፣ «ይህ አውቶቡስ ከዚህ ግቢ የሚወጣው እኔ ሚስቴንና ልጄን አሳፍሬ የምሄድበት ሲሆን ነው።»

አቶ ይልማ ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። እስከ ግንቦት ተክለ ሃይማኖት ጊዜ ሰጡት። ያኔ ካልደረሰ ግን ሌላ ሰው ይጨርሰዋል።

ሪቬት ልንመርጥ ፒያሳ ወረድን። የሄድንበት ሱቅ የአንድ አርመናዊ ነበር፤ ሙሴ ጋራቤድ ይባሉ ነበር። ወፍራም ጺማቸው አፋቸውን ስለሚሸፍነው አባቴ ከከንፈራቸው ምንም ሊያነብ አልቻለም። እኔን ለምን ይዞኝ እንደመጣ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ባንኮኒው አጠገብ ቆምኩና፣ ሙሴ ጋራቤድ የተናገሩትን ሁሉ ወደ አባቴ ዞሬ ጮክ ብዬ መድገም ጀመርኩ። ብረት አለ ሲሉ፣ «አባባ፣ ብረት አለ!» እላለሁ። ከጣሊያን የመጣ ነው ሲሉ፣ «ከጣሊያን ነው!» እላለሁ። ሙሴ ጋራቤድ ሳቁና ይቺ ልጅ በቀቀን ናት አሉ። እሱንም ደገምኩት። ብቻዬን የትልቅ ሰው ሥራ እየሠራሁ መሆኔን የሚያውቅ አልነበረም፤ ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ።

አባቴ ከኪሱ ማግኔት አወጣ፤ ከተሰበረ ራዲዮ የተነቀለ ነው። በየመሳቢያው ያለውን ሪቬት እየነካ ብረት ያልሆነውን ወደ ጎን አደረገ። የሚያብረቀርቁት ሁሉ ቀሩ። ከብረቶቹ መካከል ደግሞ ራሳቸውን እያየ ለየ፤ ጠባቡን መለሰ፣ ሰፊውን አስቀረ። በመጨረሻ ባንኮኒው ላይ የቀሩት ራሳቸው እንደ ሸሚዝ ቁልፍ የተዘረጋ፣ ከሥሩ ደግሞ ጠፍጣፋ የሆኑ ናቸው። ትናንሽ ጃንጥላ ይመስሉ ነበር።

ሙሴ ጋራቤድ አንዱን አንስተው፣ «ይሄ ዕውር ነው» አሉ።

ክው አልኩ። ይህን ሁሉ መርጠን የተበላሸውን ነው የያዝነው ብዬ ወደ አባቴ ዞርኩ። «አባባ፣ ዕውር ነው ይላሉ፣ እንዳትገዛው» አልኩት። አባቴ መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ሲገባው ግን ከት ብሎ ሳቀ። በፈረንጅ አፍ ስሙ እንደዚያ መሆኑን፣ ጀርባው ሳይታይ ስለሚመታ እንደሆነ ነገረኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ፣ «ለደንቆሮ ባትላሜራ ዕውር ሪቬት» አለኝ። ስለ ጆሮው ከአፉ ሲወጣ የሰማሁት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። አብሬው ሳቅኩ፤ ሙሴ ጋራቤድም ምን እንደሆነ ሳያውቁ ሳቁ።

ርዝመቱም መመረጥ ነበረበት። አባቴ ቁራጭ ላሜራና ቁራጭ ቱቦ በኪሱ ይዞ ነበር፤ ደርቦ በካሊብሮ ለካቸው። ካጠረ አይነክስም፣ ከረዘመ ውስጥ ላልቶ ይቀራል። ልኩን ሲያገኝ ሙሴ ጋራቤድን አስፈቅዶ እዚያው አንድ ሰፊ ራስ ሪቬትና አንድ ጠባብ ራስ ሪቬት ጎን ለጎን መታ። ብረቱ ለመሳብ ከባድ ስለነበር የአባቴ የክንድ ጅማት ተገትሮ ይታይ ነበር። ከዚያ ላሜራውን በፒንሳ ይዞ ወደ ላይ ጎተተው። ጠባቡ ላይ ላሜራው ቡጭቅ ብሎ ተቀደደና የሪቬቱ ራስ ሾለከች። ሰፊው ላይ ላሜራው ተጣጠፈ እንጂ አልለቀቀም። ሙሴ ጋራቤድ ራሳቸው መጥተው በእግራቸው ረግጠው ጎተቱት፤ እሳቸውንም እምቢ አላቸው። ብረት ይዝጋል እኮ ብለው አስጠነቀቁ። ደገምኩለት። አባቴ፣ እያንዳንዷን ራስ ጸረ ዝገት ቀለም እንደሚቀባ ነገራቸው።

ሥራው ፋሲካን አልፎ ሄደ። አባቴ አሮጌዎቹን ሪቬቶች በትራፓኖ እየበሳ ያወጣል፤ ግቢው በዚያ የዘይትና የጋለ ብረት ሽታ ይሞላል። በተቀደደው ፈንታ አዲስ ላሜራ ቆርጦ ያለብሳል፣ ይበሳል፣ ይመታል። ሰፊው ራስ ላሜራውን ሰፋ አድርጎ ስለሚጫነው፣ ከሥሩ ሽንቁር የማይታይ ሆኖ ልጥፍ ይል ነበር። የእኔ ሥራ ድምፁን መስማት ነው። በደንብ የነከሰ ሪቬት ዘንጉ ሲቆረጥ ደረቅ፣ አጭር ድምፅ ያወጣል፤ ቀጭ። ያልነከሰው ላላ ያለ፣ የሰነፈ ድምፅ አለው። አባቴ መልሱን ከፊቴ ያነባል። አውራ ጣቴን ካነሳሁ «ጋሪዳ» ይላል፤ በኦሮምኛ ጥሩ ነው ማለቱ ነው። ካላነሳሁ ምንም ሳይጠይቅ በስቶ ያወጣዋል። ወፍጮ ቤት የሚመጡ ሰዎች አባትና ልጅ እየተጫወትን ይመስላቸው ነበር።

አውቶቡሱ ሲያልቅ ወደ ሸጎሌ በሚወስደው ኮረኮንች መንገድ ባዶውን እየነዳን ሞከርነው። አቶ ይልማም አብረውን ተሳፍረዋል። ሹፌሩ ሽፈራው ነበር፤ ቀልደኛ፣ ለማንም የማይመለስ ሰው። እኔ ጆሮዬን ላሜራው ላይ ለጥፌ ከወንበር ወንበር እየሄድኩ አዳምጣለሁ። ከብት ተራው አጠገብ ስንደርስ ከፊት በኩል የሚንኳኳ ነገር ሰማሁና ጮህኩ። መኪናው ቆመ። አባቴ ወርዶ ሁሉን ፈተሸ። በመጨረሻ ሽፈራው ከወንበሩ ሥር የምሳ ዕቃውን አወጣ፤ ማንኪያው ውስጡ ነበር። ሽፈራውና አቶ ይልማ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ አለቀስኩ። ከእንግዲህ የሰማሁትን አልናገርም ብዬ በልቤ ወሰንኩ። አባቴ አልሳቀም። አጠገቤ ተቀምጦ በአውራ ጣቱ ጉንጬን ጠረገና፣

«የሰማሽውን ሁሉ ንገሪኝ» አለኝ። «የምሳ ዕቃም ቢሆን።»

ማኅበሩ መጀመሪያ ወደ ደብረ ሊባኖስ ሊሄድ ለተነጋገረበት ቀን አንድ ቀን ሲቀረው፣ ቀለሙ ሁሉ ተቀብቶ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ወጣን። ስንመለስ ከኋላ፣ ከመጨረሻው ወንበር ጀርባ፣ በጣም ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ጉድጓድ ስናልፍ ብቻ ትመጣለች፤ ጥፍር ሳህን ሲነካ ዓይነት። ፈራሁ። ዝም ልበል አልኩ። ከዚያ ለአባቴ ነገርኩት። ሽፈራው መስታወት ነው አለ። አቶ ይልማ ቀለሙን አዩ፣ ፀሐይዋን አዩ፤ በሕፃን ቃል ያለቀ ሥራ ይፈርሳል ወይ አሉ። አባቴ ምናልባት አልሰማቸውም። ጠመኔ ሰጠኝና ምልክት አድርጊ አለኝ። አዲሱ አረንጓዴ ቀለም ላይ ነጭ ክብ ሣልኩ።

ትራፓኖው ገባ። ሪቬቶቹ ወጡ፣ ላሜራው ተገለጠ። እዚያች ቦታ ላይ ቀዳዳው የቱቦውን ጠርዝ ስቶ ነበር፤ ሪቬቱ ላሜራውን እንጂ ቱቦውን አልያዘም። አባቴ ስህተቱን ራሱ በጣቱ እየነካ ለአቶ ይልማ አሳያቸው። አቶ ይልማ ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት። ኮታቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ሰቀሉና፣ አባቴ አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ ላሜራውን ደግፈው ያዙለት። ሪቬቱ ሲሳብ ወደ እኔ ዞረው የእኔን ጣት ይጠብቁ ጀመር።

ያን ዕለት ከመምሸቱ በፊት አባቴ እማማ ድንቄ ዘንድ ሄደ። ክንዳቸው ድኖ ጠባሳው ቀይ ነበር። ብዙ አላስረዳቸውም፤ አውቶቡሱ እንደደረሰ ብቻ ነገራቸው። እሳቸውም አንድ ነገር ጠየቁት፤ «ሚስትህና ልጅህ ይሄዱበታል?» ይሄዱበታል አላቸው። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ነጭ ለብሰው፣ ስንቃቸውን አንጠልጥለው፣ ደጃችን ላይ የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ እሳቸው ነበሩ። እሳቸውን ያየ የማኅበሩ ሰው ሁሉ ተከተለ።

እንጦጦን ወጥተን ወደ ሱሉልታ ስንወርድ ፀሐይ ወጣች። አባቴ የተወለደበትን መንደር በጣቱ አሳየኝ። ሰው ሁሉ ይዘምራል፣ ከበሮ ይመታል፣ ዳቦ ይቆረሳል። ሜዳውን ጨርሰን ወደ ገዳሙ የሚያወርደው ቁልቁለት አፋፍ ላይ ስንደርስ ሽፈራው መኪናውን አቁሞ ፍሬኑን አየ። መንገዱ ድንጋይ ብቻ ነው፤ በአንድ ወገን ገደሉ ይታያል። አባቴ ወደ ወንበሬ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተንበረከከ። ምን እንደምሰማ ጠየቀኝ።

ከበሮ ብቻ ነው የምሰማው አልኩት።

ብድግ አለ። አባቴ በሰው ፊት የሚናገር ሰው አልነበረም። መተላለፊያው መሃል ቆመና፣ ጆሮው የማይሰማ ሰው እንደሚናገረው ከልክ በላይ ጮክ ብሎ ተናገረ።

«ወገኖቼ፣ እኔ ጆሮዬ አይሰማም። ይህን አውቶቡስ የሠራሁት በዚች በልጄ ጆሮ ነው። እስክንወርድ ድረስ ዝም በሉልኝ፤ ትስማልኝ።»

መዝሙሩ ቆመ። አቶ ይልማ ከፊት ወንበር ዞረው አባቴን አዩት፤ እስከዚያ ቀን አያውቁም ነበር። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። እማማ ድንቄ ባለ ጠባሳ እጃቸውን ዘርግተው የከበሮውን ቆዳ ያዙት። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ጆሮዬን ላሜራው ላይ አደረግሁ። ሽፈራው ቀስ ብሎ ለቀቀው። እንደዚያ ያለ ዝምታ ያን ያህል ሰው ባለበት ሰምቼ አላውቅም። ሞተሩን ሰማሁ። ከጎማው ሥር የሚፈናጠረውን ጠጠር፣ የአንድ አባት መቁጠሪያ ሲንሸራተት፣ ከኋላ የሚጠባ ሕፃን ትንፋሽ ሰማሁ። ትልልቅ ሰዎች ሁሉ እኔን እያዩ ትንፋሻቸውን ይዘዋል። መኪናው ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ ሁሉም ተንገጫገጨ። ላሜራው ግን ሙሉውን አንድ ሆኖ፣ እንደ ድፍን ነገር፣ ዱብ አለ። ሌላ ጉድጓድ፤ ሌላ ዱብታ። የምትንኳኳ ነገር አልነበረችም።

ታች ደርሰን ስንቆም ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አባቴ ከንፈሬን ይጠብቅ ነበር።

«ደህና ነው አባባ» አልኩት። «አንድም የላላ የለም።»

«ጋሪዳ» አለና አውራ ጣቱን አነሳልኝ።

እማማ ድንቄ እጃቸው ከበሮው ላይ እንዳለ ጠየቁ። የጠየቁት ከፊት የተቀመጡትን ቄስ አልነበረም፤ እኔን ነበር።

«እንግዲህ እንዘምር የኔ ልጅ?»

«ዘምሩ» አልኳቸው።

ከበሮው ተመታ። አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ መዳፉን ላሜራው ላይ ዘረጋና፣ የከበሮውን ምት በእጁ ማዳመጥ ጀመረ።